ብልቃጧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ፦ የባዮፕሲ ናሙና ከኩልመስክ እስከ ማይክሮስኮፕ

በላስታ፣ ኩልመስክ ላይ ጡቷ ውስጥ እብጠት ያገኘች እናት መንገዷ ረጅም ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታያለች፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ላሊበላ ወይም በድልብ በኩል ወደ ወልድያ ሆስፒታል ትሄዳለች። ሐኪሙ እብጠቱን ዳስሶ፣ አልትራሳውንዱን አይቶ «ባዮፕሲ ያስፈልጋል» ይላል። ከእብጠቱ ትንሽ ሥጋ ይወሰድና ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ብልቃጧ ደግሞ ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ፓቶሎጂስት፣ ወዳለበት ከተማ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ትጓዛለች። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ናሙናውን ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈረው የሆስፒታል ሠራተኛ ሳይሆን የታማሚዋ ወንድም ወይም ልጅ ነው።

የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ባለው ነገር፣ በማይክሮስኮፑና በስፔሻሊስቱ ላይ ነው። እነሱ ከሌሉ በእርግጥ ውጤት የለም። ነገር ግን የተበላሸን ናሙና የትኛውም ማይክሮስኮፕ አያድነውም። ናሙናው የሚድነውም የሚበላሸውም ሥጋው ከሰውነት በተለየ በመጀመሪያው ሰዓት፣ እዚያው በተወሰደበት ክፍል ነው። የሚያድነው ብልቃጧ ውስጥ ያለው ቀለም የሌለው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ሥራ ፊክሴሽን ይሉታል፤ ናሙናውን በኬሚካል አጽንቶ በሕይወት ሳለ በነበረው መልክ ማቆየት ነው። ወጪው ትንሽ ነው፣ አሠራሩም ከባድ አይደለም። አንዴ ከተበላሸ ግን ተመልሶ አይስተካከልም። ስለዚህ የላብራቶሪ ሰው ብቻ ሳይሆን ብልቃጧን በጉያው ይዞ የሚጓዘው ቤተሰብም ሊያውቀው ይገባል እላለሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት

ከሰውነት የተለየ ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰው ኦክስጅን የለውም። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ አሮጌውን ነገር የሚፈጩ ኢንዛይሞች በከረጢት ታሽገው ይኖራሉ። ኦክስጅን ሲጠፋ ከረጢቱ ይላላል፤ ኢንዛይሞቹ ይወጡና የገዛ ቤታቸውን መብላት ይጀምራሉ። ባክቴሪያ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሽታ እስኪመጣ የጠበቀ ሰው በጣም ዘግይቷል። ለዓይንም ለአፍንጫም ደህና የሚመስል ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሴሎቹ አስኳል ደብዝዞ፣ ድንበራቸው ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል።

ሁሉም ሥጋ እኩል አይቸኩልም። ቆሽትና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ምግብ መፍጨት ሥራቸው ስለሆነ ራሳቸውንም ፈጥነው ይፈጫሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ለውጡ ይጀምራል። ቆዳና ጅማት ይታገሣሉ። ሙቀት መበላሸቱን ያፋጥነዋል፤ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ሥጋ ሳይበሰብስ ዘመን ሊሻገር እንደሚችል ለማየት የላስታ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ፣ ዋሻ ውስጥ ከታነፀው ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ለዘመናት ያረፉ የምእመናን አስከሬኖች አሉ፤ የአንዳንዶቹ ቆዳ ዛሬም ከአጥንታቸው አልተለየም። ምእመኑ በዚያ ስፍራ የሚያየው ከዚህ የላቀ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሥጋው ብቻ ነው። ደረቅ አየር ከሥጋ ውስጥ እርጥበቱን ሲወስድ ኢንዛይምም ባክቴሪያም ሥራ ይፈታሉ። ይሁን እንጂ ድርቀት የሚያቆየው የውጩን ቅርጽ ነው። ሴሉ ውሃውን ሲያጣ ይጨማደዳል፤ «ካንሰር ነው፣ አይደለም» ብሎ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ውስጠኛው ዝርዝር ይጠፋል። ባዮፕሲን በደረቅ የጋዝ ጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ጨርቁ እርጥበቱን ይመጠዋል፤ ከመርፌ የወጣ እንደ ክር የቀጠነ ቁራጭ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ይደርቃል፤ የደረቀውን ፎርማሊን አይመልሰውም።

ኖርማል ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ ውስጥ መጨመርም የተለመደ ስህተት ነው። ሳላይን ሁሌም እጅ ላይ አለ፣ ንጹሕም ነው። ናሙናው እንዳይደርቅ ለአጭር ጊዜ ይረዳል። ነገር ግን ኢንዛይሞቹን አይነካቸውም፤ ሥጋው ውስጡ እየተበላ ይቀጥላል። በሳላይን ሆኖ ከላሊበላ ደሴ የገባ ናሙና ደረሰ ማለት አይቻልም።

ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ ምን ይሠራል?

ፎርማሊን ማለት ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ጋዙ የሚይዘው ፕሮቲንን ነው። ሥጋችን ከውሃው ቀጥሎ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ እነዚያ አጥፊ ኢንዛይሞችም ፕሮቲን ናቸው። ፎርማልዴሃይድ አንዱን ፕሮቲን ይይዝና ከጎኑ ካለው ጋር በትንሽ ድልድይ ያያይዘዋል። ድልድዮቹ ሲበዙ ኢንዛይሙ ባለበት ታስሮ ይቀራል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ሴሉም ቅርጹን እንደያዘ ይጸናል። ቆዳ ፋቂ ጥሬ ቆዳን በቅጠልና በቅርፊት ዘፍዝፎ እንደሚያለፋው ነው፤ ጥሬው በቀናት ይሸታል፣ የለፋው ግን ዓመታት ይኖራል። ፎርማልዴሃይድ ራሱ በቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፊያነት ሲያገለግል ስለኖረ ዝምድናው የምር ነው።

ይህን ጥቅሙን የሰው ልጅ ያወቀው በአጋጣሚ ነው። ፎርማልዴሃይድን ሩሲያዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ቡትሌሮቭ እ.ኤ.አ. በ1859 በሥራው ላይ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1893 ፈርዲናንድ ብሉም የሚባል የፍራንክፈርት ሐኪም ፈሳሹ ጀርም መግደል አለመግደሉን ሲሞክር የገዛ ጣቶቹ ቆዳ ጠንክሮ አገኘው። በዚያ ዘመን ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ሥጋ በአልኮል ይጠነክር ነበርና፣ «ይኼስ ለምን አይሞከርም?» ብሎ ሥጋ ነከረበት፤ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፏል፤ ተተኪ ፍለጋው ባይቋረጥም የፓቶሎጂ ላብራቶሪዎች የዕለት ሥራ እስካሁን በፎርማሊን ነው።

አሁን ስህተት የሚበዛበት ቦታ ላይ ደረስን። ከአቅራቢ የሚመጣው ጥሬ ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ አለበት። ለናሙና የሚውለው ግን አንድ እጅ ጥሬ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበርዞ ነው፤ «10 ፐርሰንት ፎርማሊን» የሚሉት ይህንን ነው። ውስጡ ያለው ፎርማልዴሃይድ 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ጠፍቷል እንበል። አንዱ የበረዘውን ሌላው ጥሬ መስሎት ደግሞ ይበርዘዋል፤ 10 ፐርሰንቱ 1 ፐርሰንት ይሆናል። ሽታው አሁንም አፍንጫ ስለሚወጋ ማንም አይጠረጥርም። ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ናሙናው ለምርመራ ብቁ አይደለም» ተብሎ ሲመጣ ግን ታማሚዋ እንደገና መወጋት፣ ቤተሰቡም እንደገና ብር መበደር አለበት። ሳይበርዝ ያፈሰሰውም ሰው አልዳነም፤ የናሙናው ውጭ ቶሎ ይጠነክርና ወደ ውስጥ የሚገባውን ይከለክላል። ጀሪካኑ ላይ «ጥሬ» ወይም «የተበረዘ» ብሎ ከነቀኑ መጻፍ አንድ ማርከር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጥሩ ላብራቶሪ ደግሞ ውሃ ብቻ አይጨምርም። ፎርማሊን ሲቆይ አሲድ ይፈጠርበታል፤ አሲድ የሆነ ፎርማሊን ደም ካለበት ሥጋ ጋር ሲገናኝ ቡናማና ጥቁር ብናኝ ጥሎ ይሄዳል። ብናኙ የወባ ተሕዋስ ከሚተወው ቀለም ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ከቆላው ወገን ወጥቶ ለመጣ ታማሚ ናሙና ይህ ተራ ነገር አይደለም። መከላከያው ለአንድ ሊትር የተበረዘ ፎርማሊን 4 ግራም ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት መጨመር ነው። ሁለቱ ጨዎች የአሲድነት መለኪያውን ፒኤች 7 አካባቢ ይዘው ያቆዩታል።

ቀስ ብሎ የሚገባ ፈሳሽ

ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚሰርገው በዝግታ ነው። ባለሙያዎች በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል ይላሉ፤ ይህም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ነው። እየጠለቀ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በኋላ ለኖቤል ሽልማት የበቃው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳሳየው፣ ጥልቀቱ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከላይ እስከ መሃል ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሥጋ በዚህ ሒሳብ ስታሰሉት፣ ፎርማሊኑ መሃል ሳይደርስ መሃሉ ይበላሻል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በቀዶ ጥገና የወጣ ሙሉ ጡት ሳይቆረጥ እንዳለ ባልዲ ውስጥ ይነከራል። በማግስቱ ላብራቶሪ ሲደርስ ውጩ ግራጫ ሆኖ ጠንክሯል፤ ሲነካ ይቆረቁራል። ቢላው ሲገባ ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ቀለሙ ይለወጣል፤ መሃሉ ገና ቀይ ነው፣ ይልማል፣ ደም ያዣል። ዕጢው ያለው ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ትልቅ ናሙና በአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ መካከል የጋዝ ጨርቅ ገብቶበት ፎርማሊኑ በሁሉም ገጽ እንዲደርስ ይደረጋል። ማህፀን ይከፈታል። አንጀት በቁመቱ ተቀዶ፣ ታጥቦ፣ ሰሌዳ ላይ ይወጠራል። ስንጠቃው ግን በዘፈቀደ አይሆንም። ቀዶ ሐኪሙ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ በክር ምልክት ማድረግ አለበት፤ አለበለዚያ ፓቶሎጂስቱ «ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ አይችልም።

መጠኑም ወሳኝ ነው። ፎርማሊኑ ከናሙናው ከ10 እስከ 20 እጥፍ መሆን አለበት። አንድ ሚሊ ሊትር ለሚያህል ቁራጭ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ሊትር ለሚያህል ናሙና ደግሞ ቢያንስ አምስት ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ሥጋው ሞልቶት ፎርማሊኑ ዳር ዳሩን ብቻ የያዘበት ዕቃ ካያችሁ፣ ያ ናሙና እየተበላሸ ነው።

ዕቃውን ካነሣን ዘንድ፦ በባዶ ሃይላንድ ናሙና መላክ መቅረት አለበት። ለስላሳው ሥጋ በጠባቧ አፍ ተገፍቶ ይገባል፤ ውስጥ ሆኖ ሲጠነክር ግን አይወጣም። ላብራቶሪው ወይ ፕላስቲኩን ይቀዳል፣ ወይ ሥጋውን ይጎትትና ይጨፈልቀዋል። ከዚህ የከፋ አደጋም አለ። ፎርማሊን ቀለም የለውም። ሃይላንድ ውስጥ ያለ ቀለም የሌለው ፈሳሽ፣ አልጋ የያዙበት ቤት ማታ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ የተጠማ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ሊጠጣው ይችላል። የተጠጣ ፎርማሊን ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል፤ ይገድላልም። አፈ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ መሆን አለበት፤ «መርዝ» የሚል ጽሑፍም በትልቁ ይለጠፍበት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለጡት ካንሰር ናሙና ዓለም አቀፉ መመሪያ ሥጋው ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ ይላል። ስድስቱ ሰዓት ለቀጭኑ የመርፌ ባዮፕሲም ይሠራል፤ ፈሳሹ ቶሎ ቢሰርግ እንኳ ድልድዮቹ እስኪሠሩ ጊዜ ይወስዳሉ። 72 ሰዓቱ ለከተማ ሆስፒታል ብዙ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወጥቶ ሰኞ መኪና ለሚሳፈር የላስታ ናሙና ግን ያልቃል። ፓቶሎጂስት ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ቀን የሚወስድ ከሆነ፣ በደንብ ከጸና በኋላ ወደ 70 በመቶ አልኮል ማዛወር የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ቤተሰብ መንገድ ላይ ብልቃጥ መክፈት የለበትም።

ሰዓቱ ፎርሙ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሥጋው የወጣበትም፣ ፎርማሊን ውስጥ የገባበትም። እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ አለ። «4 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ረፋድ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ ነው። የጤና ባለሙያዎቻችን ሁለቱንም ይጠቀማሉ። ስድስት ሰዓት ልዩነት ደግሞ መመሪያው ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ጊዜ ጋር እኩል ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ መጻፍ የአንድ ቃል ሥራ ነው።

ስለ ደጋው ብርድም አንድ ነገር ልበል። ጥሬ ፎርማሊን ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሲያድር ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ጋዙ እርስ በርሱ ተያይዞ ጠጣር ሆኗል፣ ፈሳሹም ከስሞ ደክሟል ማለት ነው። ናሙናንም ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ሴሉን ከውስጥ ይቀደዋል። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና በክፍል ሙቀት ቢጓዝ ይበቃዋል፤ በረዶ አያስፈልገውም።

ላብራቶሪው ሲከፍተው

ናሙናው ላብራቶሪ ሲደርስ ፓቶሎጂስቱ አይቶና ለክቶ ቁራጮች ይመርጣል። ቁራጮቹ ውሃቸው በአልኮል ይወሰዳል፣ አልኮሉ በዛይሊን ይታጠባል፣ በቦታው የቀለጠ ፓራፊን ሰም ይገባል። ሰሙ ሲረጋ ብሎክ የሚባለው ይሆናል። ብሎኩ ማይክሮቶም በሚባል መሣሪያ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ይላጣል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ልጣጩ መስታወት ላይ ተዘርግቶ አስኳሉን በሰማያዊ፣ የቀረውን በሮዝ በሚያቀልሙ ሁለት ማቅለሚያዎች ይቀለማል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሥጋው ቀድሞ ጸንቷል በሚል ነው። ካልጸና ጥሬው መሃል አልኮሉ ጋ ሲደርስ በአልኮሉ ይጠነክራል፤ ያውም በሌላ ዓይነት፣ በመጨማደድ። አንዱ ቁራጭ ጠርዙ በፎርማሊን፣ መሃሉ በአልኮል የጸና ይሆናል። ቀለሙ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ጥሩው ጠርዝና ጥላ የመሰለው መሃል ጎን ለጎን ይታያሉ።

ትልቁ ጉዳት ግን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የጡት ካንሰር ከተረጋገጠ በኋላ ዕጢው ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበል መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። የሚቀበል ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባለው በአፍ የሚወሰድ ክኒን ይሠራላታል፤ ቤቷ ሆና ለዓመታት ልትወስደው የምትችለው፣ ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ መድኃኒት ነው። ተቀባዩ ፕሮቲን ደግሞ ስስ ነው። ሥጋው ፎርማሊን ሳያገኝ ከቆየ፣ ወይም በቂ ሰዓት ካልተነከረ፣ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን ነበረ። ያቺ የኩልመስክ እናት የሚያድናትን ክኒን የምታጣው በሽታዋ እምቢ ብሎ ሳይሆን ናሙናዋ ጠረጴዛ ላይ ስለዋለ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከሁሉ በላይ ይኸኛው ነው።

ፎርማሊን የማይፈለግበት ጊዜም አለ። በአገራችን የአንገት እጢ ሲያብጥ ሐኪም መጀመሪያ ከሚያስባቸው አንዱ ቲቢ ነው። ቲቢውን በካልቸር ለማብቀል ከታሰበ፣ ከናሙናው የተወሰነው ያለ ፎርማሊን በንጹሕ ዕቃ መለየት አለበት፤ ፎርማሊን ጀርሙን ይገድለዋልና የሚበቅል ነገር አይኖርም። ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራም እንዲሁ ናሙናው ከመነከሩ በፊት ይለያል። በቀጭን መርፌ ተወስዶ መስታወት ላይ የተቀባው ናሙና ደግሞ ወይ በአየር ይደርቃል፣ ወይ በአልኮል ይጸናል፤ ከፎርማሊን ብልቃጥ ጋር በአንድ ፌስታል ከተጓዘ የፎርማሊኑ ትነት ብቻውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ውሳኔው መርፌው ከመነሣቱ በፊት መሆን አለበት።

በፎርማሊን ፈንታ ማርስ? ላስታ የማር አገር ነውና ይህን የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። የፎርማሊንን መርዝነት የሸሹ ተመራማሪዎች በውሃ የቀጠነ ማር ሞክረዋል፤ በትናንሽ ናሙናዎች ላይ ከፎርማሊን ጋር የሚቀራረብ ውጤት ያገኙ አሉ። ሆኖም ሙከራዎቹ ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ከላይ ላልነው የሆርሞን ምርመራ መመሪያው የተዘጋጀውም በፎርማሊን ነው። ያልቀጠነ ማር የሥጋውን ውሃ ስቦ ያጨማድደዋል። የአረቄ አልኮልም ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የላስታን ማር በላብራቶሪ ቢፈትኑት ደስ ይለኛል፤ የታማሚ ናሙና ላይ ግን መሞከር የለበትም።

የፎርማሊን መርዝነት እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። አደጋው በተለይ ዓመት እስከ ዓመት ትነቱን ለሚስቡት ነው፤ መስኮት በሌለበት ክፍል ሲበርዙና ሲያፈሱ ለሚውሉ የላብራቶሪ ሠራተኞቻችን ማለት ነው። የአየር ማውጫና ጓንት ሲጠይቁ ቅንጦት እየጠየቁ አይደለም። በደንብ የታሸገ ብልቃጥ ይዞ አንድ ቀን ለሚጓዝ ሰው ስጋቱ ትንሽ ነው። ዓይን ውስጥ ከተረጨ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ሕክምና መሄድ፣ ከተጠጣ ደግሞ ለማስመለስ ሳይሞክሩ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ብልቃጧ እጃችሁ የምትገባ ቤተሰቦች፣ ከሆስፒታሉ በር ሳትወጡ ጠይቁ። «ይህ ፎርማሊን ነው ወይስ ሳላይን?» በሉ፤ ብትጠይቁ ነውር የለውም። ናሙናው ሙሉ በሙሉ መስጠሙንና ፈሳሹ በርከት ማለቱን እዩ። የታማሚዋ ስም ከነአባትና አያት፣ ሥጋው የተወሰደበት ቦታና ሰዓቱ በብልቃጡ ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ ክዳን ይቀያየራል። ፎርሙ እንዳይርስ በሌላ ፌስታል ይሁን። ክዳኑ በፕላስተር ይጠቅለል፤ ከስንቅና ከልጆች ይራቅ፤ ቁም አድርጋችሁ ያዙት። ሲደርስም አልጋ ቤት ሳታሳድሩ ቀጥታ ላብራቶሪ አስረክቡ።

ውጤቱን ስትቀበሉ ደግሞ የፓቶሎጂ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ። በደንብ ጸንቶ ሰም ውስጥ የገባ ናሙና ለአሥርት ዓመታት አይበላሽም። ሌላ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት ቢፈልግ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ አዲስ ምርመራ ቢመጣ፣ ያ ቁጥር ካለ ብሎኩ ከመደርደሪያው ይወጣል፤ ታማሚዋም ዳግም አትወጋም።